ሁለት ጊታር ይዞ መኖር፦ ስለ ክላሲካል ጊታር ዱኦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ናይለን ክር ባለው ጊታር በኖታ ለሚጫወቱና ከጓደኛ፣ ከወንድም ወይም ከትዳር አጋር ጋር ዱኦ መሥርተው በመድረክ ሥራ ለመኖር ለሚያስቡ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዱኦ እንጀራ ይበላል?

ይበላል፤ ከኮንሰርት ብቻ ግን አይደለም። የሙሉ ጊዜ ዱኦዎች ገቢያቸውን ከብዙ ቦታ ይለቃቅማሉ፦ ከኮንሰርት፣ ከማስተማር፣ ፌስቲቫል ላይ ከሚሰጥ ማስተር ክላስ፣ ከታተመ ቅንብርና ከቀረጻ። ማስተማሩን «ለጊዜው» ብለው የጀመሩት ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ይቀጥሉበታል፤ ነውርም የለበትም። አሌክሳንደር ላጎያም ከ1969 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ጊታር አስተምሯል።

ሦስት ዓይነት አኗኗር ጎልቶ ይታያል። አንደኛው ትዳር ነው፤ ኢዳ ፕሬስቲና ላጎያ። ሁለተኛው ወንድማማችነት ነው፤ ብራዚላውያኑ ሰርዥዮና ኤድዋርዶ አብሬው፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሰርዥዮና ኦዳይር አሳድ። ሦስተኛው፣ ለየብቻቸው ስም ያላቸው ሁለት ሶሎ ተጫዋቾች ለተወሰነ ጊዜ ሲገናኙ ነው፤ ጁሊያን ብሪምና ጆን ዊሊያምስ በ1970ዎቹ እንዳደረጉት። የሦስተኛው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ዱኦው ቢቀርም ሁለቱም ሥራ አያጡም። ስሙ ገና ላልታወቀ ጥንድ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም። ብሪምና ዊሊያምስ በ1973 ግራሚ የወሰዱት ሁለቱም ቀድሞ አዳራሽ የሚሞላ ስም ይዘው በመገናኘታቸው ነበር። አዲስ ዱኦ ለገበያ የሚያቀርበው ስም የለውም። ያለው ሀብት አብሮ ያሳለፈው የልምምድ ሰዓትና ሌላው ዘንድ የማይገኝ ሙዚቃ ነው።

የፕሬስቲና የላጎያ ስም ለምን ሁልጊዜ ይነሳል?

ሁለት ጊታር የሳሎን መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ሙሉ ሥራ ሊሆን እንደሚችል በተግባር ስላሳዩ ነው። ጥንድ ጊታር ከእነሱ በፊትም ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ የጊታር ደራሲ ፈርናንዶ ሶር ኦፐስ 41ን፣ «ሁለቱ ወዳጆች» የተባለውን፣ ለራሱና ለዲዮኒሲዮ አጉዋዶ ጽፎ ኖታው ላይ አንዱን ድርሻ «ሶር»፣ ሌላውን «አጉዋዶ» ብሎ ሰይሞታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ ሚጌል ዮቤት ከተማሪው ከማሪያ ሉዊሳ አኒዶ ጋር፣ ኤሚሊዮ ፑሆል ከባለቤቱ ከማቲልዴ ኩዌርቫስ ጋር ተጫውተዋል።

ፕሬስቲ በ1924 ፓሪስ አጠገብ ሱሬን ውስጥ ተወለደች፤ በልጅነቷ ነው በሶሎ ዝናን ያተረፈችው። ላጎያ በ1929 ግብፅ፣ እስክንድርያ ተወለደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጋቡና አብረው መጫወት ዋና ሥራቸው ሆነ። ችግራቸው የሙዚቃ እጥረት ነበር፤ ለሁለት ጊታር የተጻፈ፣ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ኮንሰርት ደጋግሞ የሚሞላ ከባድ ሥራ በበቂ አልነበረም። ስለዚህ ከባሮክና ከስፔን የፒያኖ ሙዚቃ እያቀናበሩ፣ በሕይወት ያሉ ደራሲያንንም እየቀረቡ ጎደሎውን ሞሉት። አንድሬ ዦሊቬ በ1956 ሴሬናድ ጻፈላቸው። ማሪዮ ካስቴልኑዎቮ ቴዴስኮ በ1961 እና በ1962 ብቻ ሶናቲና ካኖኒካን፣ 24 ፕሬሊዩድና ፉጋ የያዘ ትልቅ ስብስብና ለሁለት ጊታርና ለኦርኬስትራ የሚሆን ኮንቼርቶ አስረከባቸው። ሆአኪን ሮድሪጎ ቶናዲያን ሰጣቸው። ዛሬ የትኛውም ዱኦ ፕሮግራም ሲያወጣ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ሮድሪጎ በ1966 የጻፈላቸውን ኮንሲየርቶ ማድሪጋል ግን አብረው ለሕዝብ ለማሰማት አልታደሉም። ፕሬስቲ አፕሪል 24 ቀን 1967 ለኮንሰርት ጉዞ በወጡበት በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ በ42 ዓመቷ አረፈች። ኮንቼርቶውን በ1970 ሆሊውድ ቦውል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት ፔፔና አንኸል ሮሜሮ ናቸው።

አጋር ስንመርጥ ምን እንይ?

ከችሎታ በፊት አድራሻን። አንድ ከተማ የማይኖሩ ሁለት ጎበዞች፣ በሳምንት አራት ቀን የሚገናኙ ሁለት መካከለኞችን አይደርሱባቸውም። የአብሬውም የአሳድም ወንድማማቾች አስተማሪ የነበረችው አርጀንቲናዊቷ ሞኒና ታቮራ፣ የታዋቂው ስፔናዊ ጊታር ተጫዋች የአንድሬስ ሴጎቪያ ተማሪ ነበረች፤ ሁለቱን ጥንዶች ያወጣቻቸው አብሮ በመጫወት ላይ በተመሠረተ የዓመታት ትምህርት ነው።

ቀጥሎ የኖታ ንባብ ፍጥነት ይታይ። አንዱ አዲስ ቁራጭ በሁለት ቀን አንብቦ ሌላው ሁለት ሳምንት ከፈጀበት ልምምዱ ወደ ጥበቃ ይለወጣል፤ ጥበቃው ደግሞ ወደ ኩርፊያ። ለሙከራ የሦስት ወር ጊዜና አንድ የ30 ደቂቃ ፕሮግራም ያዙ። መጨረሻው ላይ ቤተሰብ ላልሆኑ ሰዎች ተጫወቱ። ከዚያ በፊት ስም ማውጣትም ሆነ ፎቶ መነሳት ትርፉ ድካም ነው።

ጊታሮቻችን አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው?

የግድ አይደለም። ፕሬስቲና ላጎያ የፈረንሳዊውን የሮበርት ቡሼን ጊታሮች ተጫውተዋል፤ የተለያየ ሠሪ ጊታር ይዘው የተዋጣላቸው ዱኦዎችም ብዙ ናቸው። የሚያስቸግረው የድምፅ መጠን ልዩነት ነው። ፊቱ የሴዳር የሆነ ጊታር ቶሎ ይነሳና ክብ ድምፅ ይሰጣል፤ የስፕሩስ ፊት ጠርዙ የጠራ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ፣ ሌላው ሁልጊዜ በግማሽ ኃይሉ መጫወት ካለበት ከዓመት በኋላ የአንዱ እጅ ይደክማል፣ የሌላው ድምፅ ይሞታል።

ከእንጨቱ ይልቅ ክሩን አስተካክሉ። አንድ ብራንድ፣ አንድ ዓይነት ውጥረት፣ በአንድ ቀን የተቀየረ። አዲስ ናይለን ክር ቅኝቱን ለመያዝ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ባሶቹ (4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ) ደግሞ ብዙ ለሚለማመድ ሰው በሦስትና በአራት ሳምንት ይደነዝዛሉ። አንዱ ትናንት፣ ሌላው ከወር በፊት የቀየረ እንደሆነ አዳራሹ መጨረሻ የተቀመጠ ሰው እንኳ ልዩነቱን ይሰማዋል። ከኮንሰርት አራት ወይም አምስት ቀን አስቀድሞ መቀየር ደኅና ልማድ ነው።

ጥፍርም የዚሁ ጉዳይ ነው። ሶር ያለ ጥፍር፣ አጉዋዶ በጥፍር ይጫወቱ ስለነበር የድምፅ ማመሳሰል ችግር ከዱኦ እኩል ያረጀ ነው ማለት ይቻላል። ፕሬስቲና ላጎያ ሁለቱም ክሩን የሚነኩት በጥፍራቸው ቀኝ ጎን ነበር፤ ድምፃቸው ለመመሳሰሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እናንተ የግድ ያንን አቅጣጫ አትያዙ፤ ሁለታችሁም አንድ አቅጣጫ ያዙ እንጂ። በደቃቅ ሞረድ ቅርጹን ካወጣችሁ በኋላ በጣም ለስላሳ የአሸዋ ወረቀት ጨርሱት። ከዚያ ዓይን የጨፈነ ሦስተኛ ሰው ፊት ተራ በተራ 1ኛውን ክር ባዶውን ምቱ። ማን እንደመታ መለየት ሲያቅተው ጨርሳችኋል።

እኩል መምታት አቃተን፤ ምን እናድርግ?

ይህ የዱኦ ትልቁ ራስ ምታት ነው። የቫዮሊን ድምፅ ከቀስቱ ጋር ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ጊታር ግን የድምፁ ጫፍ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ስለዚህ የ30 ሚሊሴኮንድ ገደማ መዛነፍ እንኳ «ትክ» መሆኑ ቀርቶ «ትርክ» ይሆናል። መፍትሔው ጆሮና እጅ ላይ ነው ያለው፤ ደረጃ በደረጃ እንዲህ ይሠራል፦

መጀመሪያ ጣታችሁን አስቀድማችሁ ክሩ ላይ አሳርፉ። ከአየር ላይ የሚመጣ ጣት መቼ እንደሚደርስ ባለቤቱም አያውቅም፤ ክሩ ላይ ያረፈ ጣት ግን የቀረው መልቀቅ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መነሻ ምልክቱን በትንፋሽ ስጡ። መሪው በአፍንጫው አየር ሲስብ የትንፋሹ ርዝመት የሚመጣው ቁራጭ አንድ ምት ያህል ይሁን፤ ፈጣን ለሆነ ሥራ ረጅም ትንፋሽ የሚስብ ሰው ጓደኛውን አሳሳተ። ራስ መነቅነቅ ብቻውን አይበቃም፤ አንገት የሚቆምበት ነጥብ ስለማይታወቅ። ሦስተኛ፣ ሜትሮኖሙን በየምቱ አታስጩሁት። በሁለት መስመር አንዴ ብቻ እንዲመታ አድርጉና መሃሉን ራሳችሁ ሙሉት፤ ማን እንደሚቸኩል ያኔ ይጋለጣል። አራተኛ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ። አምስተኛ፣ ድርሻ ተለዋወጡ፤ የጓደኛን ጣት ችግር በራስ እጅ ያላየ ሰው «ለምን ትዘገያለህ?» ማለቱን አይተውም።

ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልጋል። ፍጥነት ሲቀንስ የሚመራው ትናንሽ ኖታ ያለው ሰው ነው፤ ረጅም ኖታ የያዘው ይከተለዋል፣ ሜሎዲው እሱ ጋ ቢሆንም። ኮርድ ተበትኖ ሲመታ ከጓደኛው ጋር የሚገጥመው የመጀመሪያው ድምፅ ነው ወይስ የመጨረሻው? በእርሳስ ኖታው ላይ ይጻፍ። የመዝጊያው ኮርድ ላይ ደግሞ ሁለታችሁም የምታጠፉበት ምት ይወሰን፤ የአንዱ ባዶ 5ኛ ክር እየጮኸ ሲቀር ታዳሚው ማጨብጨቡን ያመነታል።

በስልክ መቅዳት ግዴታ ነው። ሲሰሙ ግን ጊታሩ ከእጅ ይውረድ። እየተጫወተ የሚሰማ ሰው የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው።

በቀኝና በግራ ማን ይቀመጥ?

ብዙዎች በዘፈቀደ ይወስኑታል፤ ሆኖም ለውጥ አለው። ለቀኝ እጅ ተጫዋቾች ከታዳሚ ሲታይ በግራ የተቀመጠው ሰው የጊታሩ አንገት ወደ ጓደኛው ያመለክታል። የራሱን ግራ እጅ ሲያይ በዚያው የጓደኛውን ቀኝ እጅ ያያል፤ ራሱን ማዞር አያስፈልገውም። በቀኝ ያለው ደግሞ ጓደኛውን ለማየት ከራሱ ፍሬት ላይ ዓይኑን ማንሳት አለበት። ስለዚህ ምልክት አዘውትሮ የሚሰጠውን ሰው በታዳሚው ቀኝ፣ የሚከተለውን በግራ ማስቀመጥ ይቀላል። ወንበሮቹ እጀታ የሌላቸው፣ እኩል ቁመት ያላቸው፣ ወደ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የዞሩ ይሁኑ። የጊታሩ አናት ከጓደኛ ክንድ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ።

ለየብቻ ተቃኝተን ሳለ አብረን ስንመታ ለምን ይጎረብጣል?

ሁለታችሁም በመቃኛ መሣሪያ ስለተቃኛችሁ ብቻ አንድ ናችሁ ማለት አይደለም። ባዶ ክር ልክ ሆኖ ፍሬት ላይ የሚወጣ ክር አለ፤ በተለይ 3ኛው ክር ወፍራም ናይለን ስለሆነ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ይላል። ሁለት ጊታሮች አንድ ድምፅ በተለያየ ቦታ ሲይዙ፣ ለምሳሌ አንዱ ባዶ 2ኛ ክር፣ ሌላው 3ኛ ክር 4ኛ ፍሬት፣ መንቀጥቀጡ ይሰማል።

ሥርዓቱ ይህ ነው። አንዱ መሣሪያውን ተጠቅሞ ይቃኛል። ሌላው በእሱ ጆሮውን አቅንቶ ይቃኛል። ከዚያ በሚጫወቱት ቁራጭ ዋና ኮርድ ላይ ሁለቱም ቀስ ብለው ይመታሉና የሚጎረብጠውን ብቻ ያስተካክላሉ። 6ኛውን ክር ከሚ ወደ ሬ የሚያወርድ ቁራጭ ካለ ከሬ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱት፣ ከዚያ ወደ ላይ እየሳባችሁ ሬ ላይ አቁሙት፤ እንዲህ ካልሆነ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሸርተት ይላል። በሬ የሚቃኙትን ሥራዎች ፕሮግራሙ ላይ በተከታታይ አስቀምጧቸው፤ መድረክ ላይ በየአምስት ደቂቃው ቁልፍ ማዞር ታዳሚ ያሰለቻል።

በምን ሙዚቃ እንጀምር?

ከሶር ኦፐስ 34። አንደኛው ድርሻ ለተማሪ፣ ሁለተኛው ለአስተማሪ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ደረጃቸው ለተራራቀ ጥንድ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አናውቅም። የካሩሊ ዱኦዎች ብዙና ለጣት የሚመቹ ናቸው፤ ሲበዙ ግን ይመሳሰላሉ። የእንግሊዝ የሉት ዱኦዎች፣ እንደ ጆን ጆንሰን ያሉት፣ ሜሎዲውን ተራ በተራ ስለሚያቀባብሉ ለማመሳሰል ልምምድ ግሩም ናቸው።

ቀጥሎ ጁሊያኒ ኦፐስ 130፣ የሶር ኦፐስ 63፣ ከዚያ የአልቤኒዝና የግራናዶስ ቅንብሮች። ካስቴልኑዎቮ ቴዴስኮንና ፒያሶላ ለአሳድ ወንድማማቾች የጻፈውን ታንጎ ስዊት ለሦስተኛው ዓመት አቆዩት። ታንጎ ስዊትን ቶሎ መንካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁሉም ስለሚጫወተው የውድድር ዳኞች ደካማ ጎኑን በቃላቸው ያውቁታል።

ራሳችን ማቀናበር እንችላለን?

መቻል ብቻ ሳይሆን ይገባችኋል። የክላሲካል ጊታር ስፋት ከዝቅተኛው ሚ እስከ 19ኛው ፍሬት ሲ ድረስ ሦስት ኦክታቭ ተኩል ገደማ ነው፤ ፒያኖው ሰባት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ምረጡ። ሬ፣ ላ እና ሚ ባዶ ባስ ስለሚሰጡ ጣት ያስለቅቃሉ። ቀጥሎ ባሱንና ሜሎዲውን በሁለት መስመር ብቻ ጻፉና ተጫወቱት፤ በሁለት ድምፅ ካልቆመ በስድስት አይቆምም። መሃሉን የምትሞሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በብዛት የሚበላሸው መሃሉ ላይ ነው። ሁለቱም ጊታሮች 2ኛና 3ኛ ክር ላይ ሲጨናነቁ ሜሎዲው ይሰጥማል። አጃቢው ወይ ወደ ባስ ይውረድ፣ ወይ ከ9ኛ ፍሬት በላይ ይውጣ። «ቀስ ብለህ ምታ» ከማለት ደግሞ «ቀኝ እጅህን ወደ ቀዳዳው አምጣና ለስላሳ አድርገው» ማለት ይሻላል፤ ሜሎዲው ወደ ድልድዩ ጠጋ ብሎ ጠራ ያለ ድምፅ ሲይዝ ሁለቱ ሳይጋፉ ይለያሉ። ሜሎዲውን በየክፍሉ ተለዋወጡት። ሁልጊዜ አጃቢ የሆነ ሰው ዱኦ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

መብትን በተመለከተ፣ በአብዛኛው አውሮፓ ጥበቃው ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ድረስ ነው። አልቤኒዝ በ1909፣ ግራናዶስ በ1916፣ ዴቡሲ በ1918 ስለሞቱ ነጻ ናችሁ። ፒያሶላ በ1992፣ ሮድሪጎ በ1999 ነው የሞቱት፤ እነሱን አቀናብሮ ለማሳተም ወይም ለመቅረጽ የአሳታሚው ፈቃድ ያስፈልጋል። ነጻ ሥራ ቢሆንም ሌላ ሰው ያቀናበረው ቅንብር የራሱ መብት አለው፤ ከእሱ ጥቂት ኖታ ለውጦ «የእኛ ነው» ማለት አይሠራም።

ትዝታና ባቲን ለሁለት ጊታር ማምጣት ያስኬዳል?

ያስኬዳል፤ ውጭ አገር ለሚጫወት ኢትዮጵያዊ ዱኦ ደግሞ ማንም የማይቀማው የራሱ ፕሮግራም ነው። ሜጀር ትዝታን ከሬ ብትነሱ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ፣ ላ፣ ሲ ይሆናል፤ 6ኛው ክር ሬ ላይ ሲወርድ መሠረቱ በባዶ ክር ይጮኻል። ባቲ ማይነር ከላ ሲነሳ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ባዶ ክር ላይ ይገኛሉ። ወጥመዱ ኮርድ ማብዛት ነው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ የምዕራብ ሰባተኛ ኮርድ ስትጭኑበት ቅኝቱ ይጠፋና የሆቴል ሙዚቃ ይመስላል። አጃቢው በአንድ ባስ ድምፅና ክራር በሚመስል ተደጋጋሚ ምት ይያዝ፤ ሜሎዲውን ሁለተኛው ያስጊጠው። አንቺ ሆዬን ፍሬት ላይ ስታመጡት ክራር ላይ የለመዳችሁት ለዛ በከፊል ይቀንሳል፤ ክሩን በትንሹ ጎተት አድርጎ ማቃረብ ይቻላል።

ለደራሲ አዲስ ሥራ ለማሠራት ምን ያስፈልጋል?

ጊዜ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ እና የተጻፈ ውል። ውሉ ላይ የሥራው ርዝመት በደቂቃ፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚከፈል (ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ሲረከብ የተለመደ ነው)፣ የመጀመሪያውን ኮንሰርት የምታቀርቡት እናንተ መሆናችሁና ለስንት ጊዜ ብቻችሁን እንደምትጫወቱት ይስፈር። ሮድሪጎም ካስቴልኑዎቮ ቴዴስኮም ጊታር ተጫዋች አልነበሩም። ጊታር የማይጫወት ደራሲ ለመያዝ የማይቻል ኮርድ መጻፉ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ቀድሞ እንዲልክላችሁና በቪዲዮ ተጫውታችሁ እንድትመልሱለት ተስማሙ።

የኮንሰርት ፕሮግራም ስንት ደቂቃ ይሁን?

ዕረፍት ካለው ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ሙዚቃ፣ ከሌለው 60። በማይክ ካልታገዘ ሁለት ጊታር ጥሩ አዳራሽ ውስጥ እስከ 300 ሰው ያዳርሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጥንድ ማይክ የግድ ነው።

ስንቀዳ ምን ይበላሻል?

ከጣት ስህተት ይልቅ ጫጫታ። ወንበር ይንቋቋል፣ አፍንጫ ይተነፍሳል፣ ግራ እጅ ባስ ክር ላይ ሲንሸራተት ያፏጫል። አዲስ ባስ ክር ይበልጥ ስለሚያፏጭ ለቀረጻ የሳምንት ዕድሜ ያለው ይሻላል። ለአንድ ሰዓት አልበም ሦስት ቀን ያዙ፤ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ግን አትቅዱ፣ ጆሮ ይታክታል። የሶሎ ቀረጻ ላይ አንድ መስመር ቆርጦ መቀየር ቀላል ነው። ዱኦ ላይ ግን የአንዱ ስህተት የሁለቱንም ድምፅ ይዞ ስለሚሄድ፣ የሁለቱም ክር ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ ኖታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ መቁረጫው እዚያ ነው።

ክፍያን እንዴት እንደምር?

ለሁለት እንደሚካፈል ሳይሆን ሁለት እጥፍ ወጪ እንዳለው አስቡ። ለምሳሌ አንድ አዘጋጅ 1,500 ዩሮ ቢያቀርብና ወኪላችሁ 15 በመቶ ቢወስድ 1,275 ይቀራል። ሁለት ትኬት 400፣ ጊታሮቹ አውሮፕላኑ ውስጥ የራሳቸው መቀመጫ ካስገዙ ሌላ 300 ቢሆን ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው 290 ገደማ ነው፤ ያውም ከግብር በፊት። ስለዚህ «ትራንስፖርትና ማደሪያ በአዘጋጁ» የሚለው መስመር ከክፍያው ቁጥር እኩል ይከራከሩበታል። አንድ ከተማ ለብቻው ከመሄድ በአንድ ጉዞ ሦስት ቦታ ማያያዝ ነው አዋጩ።

የውጭ አገር ግብርም አለ። ጀርመን ነዋሪ ካልሆነ አርቲስት ክፍያ ላይ 15 በመቶና በእሱ ላይ የሚሰላ ተጨማሪ ትቀንሳለች፤ ለአንድ ትርኢት 250 ዩሮና ከዚያ በታች ከሆነ አትቀንስም። አሜሪካ በመደበኛው 30 በመቶ ታስቀራለች። ተቀናሹን የሚያሳይ ደረሰኝ ሳትይዙ ከአዳራሹ አትውጡ፤ አገር ስትመለሱ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ጊታሩን በአውሮፕላን ይዘን ስንጓዝስ?

የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2015 ጀምሮ ባወጣው ደንብ፣ ተሳፋሪ ሲገባ በላይ ማስቀመጫው ላይ ቦታ ካለ አየር መንገዱ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ይቀበላል፤ ጊታር እዚህ ውስጥ ይገባል። ቦታው ቀድሞ ለገባ ስለሆነ ቀድማችሁ ተሰለፉ። በሌላው ዓለም እንደ አየር መንገዱ ይለያያል፤ መልሱን በኢሜይል አስጽፋችሁ ያዙ።

ጎኑና ጀርባው ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ጊታር ሌላ ጣጣ አለው። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ (CITES) ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛው ጥበቃ ውስጥ ስለሆነ ድንበር ለማሻገር የሙዚቃ መሣሪያ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ሌሎቹ ሮዝውዶች ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ለሦስት ዓመት ገደማ አስቸግረው ነበር፤ ከኖቬምበር 2019 ወዲህ ግን ተሠርተው ያለቁ መሣሪያዎች ነጻ ሆነዋል።

ጊታር የሚወደው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከአዲስ አበባ የበጋ አየር ወደ አውሮፓ ክረምት የራዲያተር ክፍል መሄድ ከደረቅ ወደ ደረቅ መግባት ነው፤ የፍሬቱ ጫፍ እጅ መቧጨር ሲጀምር እንጨቱ መኮማተሩን ተረዱ። ሣጥኑ ውስጥ የእርጥበት መለኪያና ማርጠቢያ ይኑር።

ቪዛው ከጊታሩ ቀድሞ ይጀመር። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የሼንገን ውሳኔ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ደግሞ ተከፍሎ መጫወትን አይፈቅድም፤ የአርቲስት ቪዛውን ማመልከቻ የሚያስገባው እዚያ ያለ አዘጋጅ ወይም ወኪል ስለሆነ ከስድስት ወር በፊት ተነጋገሩ።

ብንለያይስ?

ይህን ጥያቄ ፍቅር ሳለ መልሱት። ኤድዋርዶ አብሬው በ1970ዎቹ አጋማሽ መድረክ ሲተው ዱኦው ቆመ፤ ሰርዥዮ ለተወሰነ ጊዜ በሶሎ ቀጠለና በኋላ በጊታር ሠሪነቱ ታወቀ። ላጎያ ከፕሬስቲ ሞት በኋላ ለጊዜው ከመድረክ ርቆ በሶሎ ነው የተመለሰው። ዱኦ ተተኪ የለውም፤ የሌላ ሰው እጅ ሲገባ ሌላ ዱኦ ነው።

ሁለት ገጽ የሆነ ስምምነት ይበቃል። ስሙ የማን ነው? ቅንብሮቹን ማን ያሳትማል፣ የቀረጻ ገቢ እንዴት ይካፈላል? ለመውጣት የስንት ወር ማስታወቂያ ይሰጣል? ስድስት ወር ተገቢ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ኮንሰርቶች ከዓመት በፊት ስለሚያዙ የተፈረሙትን ጨርሶ መውጣት ለሁለቱም ስም ይበጃል። ከገቢው አሥር በመቶውን በጋራ ሂሳብ አስቀምጡ፤ ለክር፣ ለትኬትና ለቅድመ ክፍያ። ሂሳቡን ለማንቀሳቀስ የሁለታችሁም ፊርማ ይጠየቅ፣ ባልና ሚስት ብትሆኑም።